የልብ ሕመምን በሲቲ ስካንና በኤምአርአይ መርምሮ ማወቅ፦ ከትዕዛዝ ወረቀቱ እስከ ውጤቱ

በምሠራበት የምስል ምርመራ ክፍል መስኮት ላይ በየጠዋቱ የትዕዛዝ ወረቀት ይከመራል። አንዳንዱ ወረቀት «የልብ ሲቲ» ከሚል ጽሑፍ በቀር ምንም አልሰፈረበትም። ይዘውት የመጡት አባት ግን ለዚህች ቀን በሬ ሸጠዋል፤ ወይም ዓረብ አገር ያለች ልጃቸው ወራት ሠርታ ገንዘቡን ልካላቸዋለች። «ሐኪሙ ምን እንድናይ ፈልጎ ነው የላከዎት?» ብዬ ስጠይቃቸው «ልቤን ነዋ!» ይሉኛል። ልባቸውን እናያለን። ግን የልባቸውን ምን? ደም ቅዳውን? ጡንቻውን? በሩን? ሽፋኑን? ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገው ምርመራም፣ ዝግጅትም፣ አሠራርም ይለያያል።

ሲቲ ስካንም ሆነ ኤምአርአይ የሚመልሱት የተጠየቁትን ነው። ለተሳሳተ ጥያቄ የተነሣ ምስል እጅግ ጥርት ብሎ ሊወጣ ይችላል፤ ታማሚው ግን እንደመጣ ይመለሳል። ስለዚህ ይህን መመሪያ የምጽፈው ለታማሚዎች፣ ለአስታማሚዎችና ሥራውን ገና ለጀመሩ ወጣት ባለሙያዎች ነው። ቅደም ተከተሉ በየዕለቱ ሥራ ላይ ያየሁት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ይቅደም። አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ ደረትዎን እንደ ድንጋይ የሚጫን ሕመም ካለ፣ ሕመሙ ወደ ክንድዎ ወይም ወደ መንጋጋዎ የሚሄድ ከሆነ፣ ቀዝቃዛ ላብ የሚያልብዎ ወይም ትንፋሽ የሚያጥርዎ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ትተው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እዚያ የሚቀድመው የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ኢሲጂና ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራ ነው። የስካን ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጊዜ አይደለም።

አንደኛ፦ ጥያቄውን በወረቀት ላይ ማስፈር

ወደ ትልልቆቹ ማሽኖች ከመሄድ በፊት ሦስት ነገሮች መሠራት አለባቸው፦ ሐኪሙ ታማሚውን በእጁና በማዳመጫው መመርመር፣ ኢሲጂ ማንሣትና ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ መሥራት። ኢኮ ርካሽ ነው፣ ጨረር የለውም፣ አልጋው ድረስ ይመጣል፤ ልቡም እየመታ ይታያል።

በአገራችን ሕፃናትንና ወጣቶችን በብዛት ከሚያጠቁ የልብ ሕመሞች አንዱ በልጅነት በወጉ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚነሣው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። የሚያጠቃው የልብ በሮችን ነው፤ በሮች ሲከፈቱና ሲዘጉ፣ ደምም ወደኋላ ሲመለስ የሚታየው ደግሞ በኢኮ ነው። በሩ እንደተጎዳ በኢኮ በግልጽ የታወቀለት ወጣት «የበለጠ ለማጣራት» ተብሎ ለሲቲ ስካን ተበድሮ ሲመጣ ሳይ አንጀቴ ይቃጠላል። ከሲቲው የሚጨመርለት ነገር ብዙ ጊዜ የለም።

ኢኮው ያልመለሰው ጥያቄ ሲኖር ነው ቀጣዩ በር የሚከፈተው። ጥያቄው በትዕዛዝ ወረቀቱ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ለምሳሌ፦ «የ52 ዓመት ሴት፣ የስኳር ሕመምና የደም ግፊት ያለባት፣ ዳገት ስትወጣ ደረቷን ጨምድዶ የሚይዛት፣ ስታርፍ የሚተዋት፤ የልብ ደም ቅዳ ጥበት አለ ወይ?» ወይም፦ «የ28 ዓመት ወንድ፣ ከጉንፋን ሁለት ሳምንት በኋላ የደረት ሕመም፣ ትሮፖኒን ከፍ ያለ፤ የልብ ጡንቻ መቆጣት ነው ወይ?» የመጀመሪያው ወረቀት ወደ ሲቲ፣ ሁለተኛው ወደ ኤምአርአይ ይመራል። እርስዎ ታማሚ ከሆኑ ሐኪምዎን «ከዚህ ምርመራ ምን ለማወቅ ነው? ውጤቱ ሕክምናዬን ይለውጠዋል?» ብለው ይጠይቁ። ድፍረት አይደለም፤ መብትዎ ነው።

ሁለተኛ፦ ማሽኑን መምረጥ

ሲቲ ስካን በራጅ ጨረር ይሠራል። የጨረሩ ምንጭ በሰውነት ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ኮምፒውተሩም ከየአቅጣጫው የተገኘውን መረጃ ገጣጥሞ ቀጫጭን ቁርጥራጭ ምስሎችን ያወጣል። በዚህ መሣሪያ ታማሚ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣው በ1971 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለንደን ውስጥ ነበር፤ የተነሣውም አንጎል ነው። ፈጣሪው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ በ1979 ከአላን ኮርማክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። የሕብረ ሕዋስ ጥግግት እስከ ዛሬ በሃውንስፊልድ ስም ይለካል፦ ውኃ ዜሮ፣ አየር ከዜሮ በታች 1000 ነው። ይህን መለኪያ ልብ ይበሉ፤ በኋላ ካልሲየም ሲቆጠር ይመጣል።

አንጎል ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ልብ ግን አይቀመጥም። የልብ ደም ቅዳዎች ውፍረታቸው ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ነው፤ ከእያንዳንዱ ምት ጋርም ይወዛወዛሉ። ስለዚህ ለልብ የሚሆነው ሲቲ ቢያንስ ባለ 64 ስላይስ (በአንድ ዙር 64 ቁርጥራጭ ምስል የሚያወጣ) የሆነና ከኢሲጂ ጋር ተናብቦ የሚያነሣ ነው። ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ይህንኑ ይጠይቁ። ሲቲ ያለው ተቋም ሁሉ የልብ ሲቲ አይሠራም።

የሲቲ ዋና ኃይሉ ደም ቅዳውን ማሳየቱ ላይ ነው። ቱቦው ጠቧል ወይ? ግድግዳው ላይ ስብ ወይም ካልሲየም ተጋግሯል ወይ? ደም ቅዳው ሲፈጠር የበቀለው ከትክክለኛው ቦታ ነው ወይ? ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና የተቀጠለለት ሰው ቅጥያው ክፍት ነው ወይ? ድንገት ጀርባን የሚሰነጥቅ ሕመም ለተነሣበት ባለ ደም ግፊት ሰው ደግሞ ዋናው ደም ቅዳ ተሰንጥቆ እንደሆነ በደቂቃዎች ውስጥ የሚነግረን ሲቲ ነው።

የሚያቅተውም አለ። ካልሲየሙ እጅግ ሲበዛ ምስሉ ላይ ነጩ ይፈካና ቱቦውን ይሸፍነዋል። ከ3 ሚሊሜትር በታች የሆነ ስቴንት፣ ማለትም የጠበበ ደም ቅዳን ከፍቶ የሚይዝ የወንፊት ቱቦ፣ ውስጡን ለማየት ያስቸግራል። የልብ ምቱ ወጥ ያልሆነ ሰው ምስሉ ሊቆራረጥ ይችላል። ምልክቶቻቸው ወደ ደም ቅዳ መዘጋት አጥብቀው የሚያመለክቱ ሰዎች ደግሞ በቀጥታ ወደ ካቴተር አንጂዮግራፊ (ቀጭን ቱቦ በደም ቅዳ በኩል እስከ ልብ አስገብቶ ማየት) ቢሄዱ የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱም እዚያ ጥበቱ ከታየ በዚያው ሊከፈት ይችላል።

ኤምአርአይ ሌላ ዓለም ነው። ጨረር የለውም፤ በኃይለኛ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ይሠራል። ለዚህ መሠረት የጣሉት ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ በ2003 ኖቤል ተሸልመዋል። ለልብ በብዛት የምንጠቀምበት ማሽን 1.5 ቴስላ ነው፤ ይህም ከመሬት መግነጢስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እጥፍ ማለት ነው። የኤምአርአይ ጉልበቱ ጡንቻው ላይ ነው። የትኛው የጡንቻ ክፍል ሞቷል፣ የትኛው አብጧል፣ የትኛው ብረት አከማችቷል፣ የትኛው ከልክ በላይ ወፍሯል የሚለውን ሥጋ ሳይቆረጥ ይነግረናል። የልብን የመርጨት አቅም ለመለካትም ከሁሉም በላይ የሚታመን ነው። ካልሲየምን ግን በደንብ አያይም፤ ቀጫጭን ደም ቅዳዎችን በማሳየትም ሲቲን አይስተካከለውም።

በመካከል ያለው ጉዳይ የልብ ሽፋን ነው። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የሳንባ ነቀርሳ በብዛት ባለበት አገራችን ብዙ ሰው የሚሠቃይበት ነውና። አንድ ጊዜ ወደ 40 ዓመት የሚጠጋ ገበሬ መጣ። ሆዱ ተነፍቶ፣ እግሩ አብጦ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የጉበት ሕመምተኛ ተብሎ ሲታከም ኖሯል። ኢኮው የልቡ ጡንቻ ደህና እንደሚጨመቅ ያሳያል። ታዲያ ለምን ያብጣል? በወጣትነቱ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት መውሰዱን የተናገረው ራሱ ነው፤ ወረቀቱን የጻፈችው ወጣት ሐኪምም «ልብን የሚያንቅ የሽፋን መጠጠር ይሆን?» ብላ ጥያቄዋን አስፍራለች። ያለ ኮንትራስት (ምስሉን ለማጉላት በደም መልስ የሚሰጥ ፈሳሽ) ባነሣነው ሲቲ የመጀመሪያው ምስል ሲወጣ በልቡ ዙሪያ እንደ እንቁላል ቅርፊት የከበበ ነጭ መስመር ታየ። ካልሲየም ነበር። ልቡ በቅርፊቱ ውስጥ ታስሮ መዘርጋት አቅቶታል። ለዚህ ሕመም መፍትሔው በቀዶ ሕክምና ሽፋኑን መግፈፍ ነው። ካልሲየም ባልያዘ ሽፋን ላይ ደግሞ ኤምአርአይ ይረዳል፦ ሽፋኑ ከ4 ሚሊሜትር በላይ መወፈሩን፣ አሁንም የሚቆጣ መሆኑን፣ ታማሚው አየር ሲስብ ሁለቱን የልብ ታችኛ ክፍሎች የሚለየው ግድግዳ ወደ ግራ መገፋቱን ያሳያል። ገና በመቆጣት ላይ ያለ ሽፋን አንዳንድ ጊዜ በመድኃኒት ብቻ ሊመለስ ስለሚችል ይህን መለየት ሰውን ከቢላዋ ያድናል።

ሦስተኛ፦ ከቀጠሮው በፊት

የኩላሊት ምርመራ። ለሲቲ የሚሰጠው ኮንትራስት አዮዲን ያለበት ነው፤ ለኤምአርአይ የሚሰጠው ጋዶሊኒየም ነው። ሁለቱም በኩላሊት ይወጣሉ። ክሬቲኒን ተለክቶ የኩላሊት የማጣራት አቅም ከ30 በታች ከሆነ ሐኪሙና የምስል ክፍሉ ተመካክረው መወሰን አለባቸው። የስኳር መድኃኒት ሜትፎርሚን የሚወስዱ ሰዎች ኩላሊታቸው ደካማ ከሆነ ለ48 ሰዓት ሊቋረጥላቸው ይችላል፤ ነገር ግን ራስዎ አያቋርጡ፣ ይጠይቁ። የልብና የግፊት መድኃኒትዎንም «ባዶ ሆድ» ተባልኩ ብለው አይተዉ፤ በጥቂት ውኃ ይዋጣል።

ስለ ጾም። በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ የማይቀምሱ ብዙ ሰዎች ደርቀው ይመጣሉ። የደረቀ ሰውነት ለኩላሊትም፣ መርፌ የሚገባበትን የደም መልስ ለማግኘትም ያስቸግራል። ቀጠሮውን ከጾሙ ጋር ለማስማማት ቀደም ብለው ይነጋገሩ፤ ለታመመ ሰው የሚፈቀደውንም የንስሐ አባትዎን ወይም የሃይማኖት መምህርዎን ይጠይቁ።

አለርጂ። ከዚህ በፊት በኮንትራስት ሰውነትዎ ሽፍ ካለ፣ ከንፈርዎ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት በግልጽ ይናገሩ። ዓሣ የማይስማማው ሰው ኮንትራስት አይወስድም የሚባለው ግን እውነት አይደለም። የምታጠባ እናትም በሁለቱም ኮንትራስቶች ምክንያት ጡት ማቋረጥ አያስፈልጋትም። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ከተጠራጠሩ ግን ከመግባትዎ በፊት መታወቅ አለበት።

ቡና። እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ ማድረግ እፈልጋለሁ። ለሲቲ ቡና፣ ጠንካራ ሻይና ጫት የልብ ምትን ስለሚያፈጥኑ ምስሉን ያበላሻሉ። ልብን በመድኃኒት አስጨንቆ የደም ዝውውሩን ለሚያይ ኤምአርአይ ደግሞ ጉዳቱ ከዚያ ይብሳል፤ ካፌይን አዴኖሲን የሚባለውን መድኃኒት ሥራ ያግደዋል፣ ምርመራውም የታመመውን ልብ ጤነኛ ሊያስመስለው ይችላል። ስለዚህ ለ24 ሰዓት ቡና፣ ሻይ፣ ኮካ፣ ቸኮላት የለም። አንዲት እናት ሦስት ሳምንት ቀጠሮ ጠብቀው መጡ። መርፌውን ካስገባንላቸው በኋላ «ጠዋት ቡና ቀምሰዋል እንዴ፣ እማማ?» አልኳቸው። «ኧረ ልጄ፣ ጎረቤቴ ጠርታኝ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም ጠጥቼ ነው የመጣሁት፤ በረካ ጥሎ ይኬዳል እንዴ?» አሉኝ። መርፌውን ነቅለን መለስናቸው። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም። አስቀድሞ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ ስሰጥ «ቡና» የሚለውን ቃል በወረቀቱ ላይ በትልቁ ጽፌ አሰምርበታለሁ።

ብረት። ወደ ኤምአርአይ ክፍል የሚገባ ሰው ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ)፣ የጆሮ ውስጥ መሣሪያ፣ የአንጎል ደም ቅዳ መቆንጠጫ፣ ከጦር ሜዳ በሰውነቱ የቀረ ፍንጣሪ ወይም ዓይኑ ውስጥ የገባ የብረት ቅንጣት ካለው አስቀድሞ ይናገር። ብየዳ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ይህን ይረሳሉ፤ እኛ ግን በዓይናቸው ላይ ራጅ እናነሣለን። ቅርብ ጊዜ ከተሠሩት ፔስሜከሮች ብዙዎቹ በልዩ ጥንቃቄ ኤምአርአይ የሚፈቀድላቸው ናቸው፤ ለዚህ የመሣሪያውን ካርድ ይዘው ይምጡ። የልብ ስቴንትና አብዛኛው ሰው ሠራሽ የልብ በር ግን አይከለክሉም። የአንገት መስቀል፣ በብረት ወይም በቆርቆሮ የታሸገ ክታብ፣ በሹሩባ ውስጥ የተሰካ ጌጥ፣ ኩል ይወልቃል፣ ይታጠባል። ክታቡን ማውለቅ የሚከብዳቸው እናቶች አሉ፤ ከክፍሉ ውጭ ልጃቸው ወይም እኅታቸው በእጇ ይዛ ትጠብቅላቸዋለች ስንላቸው ይረጋጋሉ።

አራተኛ፦ ሲቲ ላይ፣ ልብን ማዝገም

ታማሚው አልጋው ላይ ተጋድሞ ሦስት የኢሲጂ ገመዶች ደረቱ ላይ ይለጠፋሉ። ደረት ላይ ጠጉር ካለ እንላጫለን፤ ያልተጣበቀ ገመድ ምስሉን ያበላሻል። በቀኝ ክንድ መታጠፊያ ላይ ወፈር ያለ መርፌ ይገባል፤ ኮንትራስቱ በሰከንድ ወደ 5 ሚሊሊትር ስለሚገፋ ቀጭን መርፌ አይችለውም።

ቀጥሎ ዓይናችን የልብ ምቱ ላይ ነው። በደቂቃ 60 ጊዜ የሚመታ ልብ ለአንድ ምት አንድ ሰከንድ ሙሉ ይወስዳል፤ ከዚያች ሰከንድ ውስጥ ልቡ ተዘርግቶ ደም ሲቀበል ለጥቂት ጊዜ ፀጥ የሚልባት ቅጽበት አለች። ምስሉ የሚነሣው በዚያች ቅጽበት ነው። ምቱ 90 ሲደርስ አንዱ ምት ወደ 0.67 ሰከንድ ይወርዳል፤ ከሁሉ በላይ የሚያጥረውም ያ የዕረፍት ጊዜ ነው። ማሽኑ አልቀደመውም ማለት ነው፤ ደም ቅዳው ሁለት ሆኖ ወይም ተጎምዶ ይታያል። የተጎመደ ምስል ደግሞ ጥበት ይመስላል። ጤነኛ ሰው በዚህ ምክንያት ታማሚ ሊባል ይችላል።

ስለዚህ ምቱን ከ60 እስከ 65 ወይም ከዚያ በታች ማውረድ ነው። ብዙ ጊዜ ሜቶፕሮሎል የሚባል ክኒን 50 ወይም 100 ሚሊግራም ከምርመራው አንድ ሰዓት ያህል በፊት ይሰጣል። አስም ያለበት፣ ግፊቱ የወረደ ወይም የልቡ የኤሌክትሪክ መስመር የታገደ ሰው አይወስደውም። ከመድኃኒቱ በፊት ግን ሰው ይቅደም። የፈራ ልብ ይሮጣል። ባዶ ክፍል ውስጥ ግዙፍ ቀለበት መሀል ብቻውን የተኛን ሰው እጁን ይዤ ምን እንደሚሰማው ስነግረው ምቱ በስክሪኑ ላይ ከ80 ወደ 70 ሲወርድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ወጣት ባለሙያዎች ሆይ፣ ይህችን ሁለት ደቂቃ አትሰስቷት።

ከዚያ ከምላስ ሥር ናይትሮግሊሰሪን ይሰጣል፤ ደም ቅዳዎቹን ያሰፋቸዋል። ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል፣ ቶሎ ይለቃል። ሲልዴናፊል ወይም ተመሳሳይ መድኃኒት በቅርብ ቀን የወሰደ ሰው ግን ናይትሮግሊሰሪን ቢወስድ ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ይወርዳል። ወንዶች ይህን ሚስት ወይም ልጅ ባለበት አይናገሩም። ባለሙያው አስታማሚውን አስወጥቶ ለብቻ መጠየቅ አለበት።

ትንፋሽ መያዝን አስቀድመን እናለማምዳለን፦ «አየር ይሳቡ፣ ይያዙ፣ አይንቀሳቀሱ»። አማርኛ የማይሰሙ ከሆነ በሚሰሙት ቋንቋ የሚነግራቸው ሰው ይገኝ፤ ያልተረዳ ሰው ትንፋሹን አይይዝም። ኮንትራስቱ ሲገባ ሰውነትን ሙቀት ይወርረዋል፤ ሽንት ያመለጠ ይመስላል፤ አላመለጠም። ምስሉ በጥቂት ሰከንዶች ያልቃል። ጨረሩን በተመለከተ፣ ዘመናዊ ማሽን በትክክል ሲሠራበት የልብ ደም ቅዳ ሲቲ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 5 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ነው፤ ሰው ከተፈጥሮ በዓመት በአማካይ 2.4 ያህል ይቀበላል።

አምስተኛ፦ ኤምአርአይ ላይ፣ ትዕግሥት

ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ማሽኑ ይጮኻል፤ የጆሮ መድፈኛ ይሰጣል። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቅዎ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። በእጅዎ የምትጨመቅ ፊኛ ትሰጥዎታለች፤ ስትጨመቅ እንሰማለን።

እዚህ ትንፋሽ የሚያዘው አብዛኛውን ጊዜ አየር ካወጡ በኋላ ነው፤ ልብ በየጊዜው ወደዚያው ቦታ እንዲመለስ። በመጀመሪያ የሚንቀሳቀሱ ምስሎች ይነሣሉ። ቀጥሎ፣ ታዝዞ ከሆነ፣ አዴኖሲን በደም መልስ ይገባል። ደረት ይጨንቃል፣ ፊት ይግላል፣ ትንፋሽ ያጥራል፤ መድኃኒቱ ሲቆም በደቂቃ ውስጥ ይጠፋል። አስሙ የተነሣበት ሰው ወይም የልቡ መስመር የታገደበት ይህን አያደርግም። ከዚያ ጋዶሊኒየም ይሰጥና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠበቃል። መጠበቁ ሥራ ነው፦ ጤነኛው ጡንቻ ጋዶሊኒየሙን አጥቦ ያስወጣል፣ የሞተውና ጠባሳ የሆነው ግን ይይዘዋል። ስለዚህ በኋላኛው ምስል ጤነኛው ጡንቻ ጠቁሮ ጠባሳው በርቶ ይታያል።

ስድስተኛ፦ ሪፖርቱን ማንበብ

ትርጉሙን የሚሰጥዎ ሐኪምዎ ነው። ሆኖም በሪፖርቱ ላይ የሚያገኟቸውን ጥቂት ቃላት ማወቅ ጥያቄዎን ያበረታዋል።

የካልሲየም ቁጥር። ያለ ኮንትራስት ከሚነሣ ሲቲ ይወጣል። ከ130 ሃውንስፊልድ በላይ የደመቀ በደም ቅዳ ላይ ያለ ነጥብ ሁሉ ይቆጠራል፤ ስሌቱ በ1990 ያዘጋጀው ሐኪም ስም ተሰጥቶት የአጋትስተን ቁጥር ይባላል። ዜሮ ከሆነ ካልሲየም አልተገኘም፤ ከ1 እስከ 99 ጥቂት፣ ከ100 እስከ 399 መካከለኛ፣ 400ና ከዚያ በላይ ብዙ ነው። ዜሮ መልካም ዜና ነው፤ ነገር ግን ገና ያልጠጠረ የስብ ክምችት ካልሲየም ስለሌለው በዚህ ምርመራ አይታይም። ደረቱን የሚያመው ወጣት «ዜሮ ነኝ» ብሎ ሕመሙን ችላ አይበል።

ካድ-ራድስ። በሲቲ ለታየ የልብ ደም ቅዳ ጥበት ከ0 እስከ 5 የሚሰጥ ደረጃ ነው። 0 ጥበት የለም። 1 ከ25 በመቶ በታች፣ 2 ከ25 እስከ 49፣ 3 ከ50 እስከ 69፣ 4 ከ70 እስከ 99 በመቶ መጥበብ ነው፤ 5 ሙሉ በሙሉ መዘጋት። በ1 እና 2 ላይ ያሉ ሰዎች «ትንሽ ነው» ተብለው ወደ ቤት ሲሄዱ ይቆጨኛል። በስኮትላንድ 4,146 ሰዎች የተሳተፉበትና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በተለመደው ምርመራ ላይ የልብ ሲቲ የተጨመረላቸው ሰዎች በአምስት ዓመት ውስጥ በልብ ደም ቅዳ ሕመም የሞቱት ወይም ድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) የደረሰባቸው 2.3 በመቶ ሲሆኑ ያልተነሡት 3.9 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱን ያመጣው በአብዛኛው ክምችቱ የታየባቸው ሰዎች መከላከያ መድኃኒታቸውን መጀመራቸው ነው ተብሎ ይታመናል። እንግዲህ «ትንሽ ነው» የሚለው ውጤት የስብ መቀነሻውን፣ የግፊቱን፣ የሲጋራውን ነገር ቁጭ ብሎ የመነጋገሪያ ቀን ነው።

የጠባሳው ቦታ። በኤምአርአይ ሪፖርት ከሁሉ የምወደው ክፍል ይህ ነው፤ ሕመሙ ፊርማውን ትቶ ይሄዳልና። በደም ቅዳ መዘጋት የመጣ ጠባሳ ከውስጠኛው የጡንቻ ሽፋን ይጀምርና ወደ ውጭ ይዘልቃል። የጡንቻ መቆጣት ብዙውን ጊዜ በተቃራኒው ከውጭ በኩል፣ በተለይ በጎን ግድግዳ ላይ ይታያል። ጠባሳው ከጡንቻው ውፍረት ከግማሽ በላይ ከያዘ ያንን ቦታ የሚመግበው ደም ቅዳ ቢከፈት እንኳ ጡንቻው ተመልሶ የመሥራት ዕድሉ ጠባብ ነው። ከሩብ በታች ከሆነ ግን ተስፋው ሰፊ ነው። ለቀዶ ሕክምና ቤት ንብረቱን ሊሸጥ ላሰበ ቤተሰብ ይህች አንዲት መስመር ብዙ ትመዝናለች።

የመርጨት አቅም። ልቡ በአንድ ምት ከያዘው ደም ምን ያህሉን በመቶኛ እንደሚረጭ ነው። መቶ መሆን አይጠበቅበትም፤ 60 በመቶ ጤነኛ ነው። «ልቤ 60 በመቶ ብቻ ነው የሚሠራው» ብለው ያለቀሱ ሰዎች አጋጥመውኛል። ከ40 በታች ሲሆን ደካማ ነው እንላለን።

ብረት። ደም ደጋግመው ለሚወስዱ ሰዎች ቲ2 ስታር የሚባል ቁጥር ይጻፋል፤ ከ20 ሚሊሰከንድ በታች ብረት ልብ ውስጥ መከማቸቱን፣ ከ10 በታች ክምችቱ ከባድ መሆኑን ያሳያል። እዚህ ቁጥሩ ማነሱ ነው መጥፎው።

በመጨረሻም የሪፖርቱን የመደምደሚያ አንቀጽ ከትዕዛዝ ወረቀቱ ጥያቄ ጎን ለጎን ያድርጉት። ጥያቄው ተመልሷል? ካልተመለሰ፣ ወይም «የምስሉ ጥራት አነስተኛ ነው» የሚል ካለ፣ ሐኪምዎ ምስሉን ያነበበውን ባለሙያ እንዲያነጋግር ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ አምስት ደቂቃ የስልክ ንግግር ሌላ ስካን ያስቀራል።

ሰባተኛ፦ ምስሉን መያዝ

ሪፖርቱ ብቻ አይበቃም፤ ምስሉን በሲዲ ወይም በፍላሽ ይቀበሉ። ፋይሉ ዳይኮም በሚባለው ዓይነት መሆን አለበት። አሜሪካ ወይም እስራኤል ያለ ዘመድዎ «ለሐኪም አሳይልሃለሁ፣ ላክልኝ» ሲልዎ የፊልሙን ፎቶ በስልክ አንሥተው አይላኩ፤ ከዚያ ፎቶ ማንም ሐኪም የ3 ሚሊሜትር ደም ቅዳ ማየት አይችልም። ሙሉው ፋይል ይላክ። ሲዲውም ይጫጫራልና ቅጂ ያኑሩ፣ ቀኑን ከላዩ ይጻፉበት።

ባለፈው ክረምት አንድ አዛውንት ከአራት ዓመት በፊት የተነሡትን ሲዲ በጋዜጣ ጠቅልለው፣ በፌስታል አስረው ይዘው መጡ። አዲሱን ምስል ከጎኑ ከፈትነው። በግራው ደም ቅዳ ላይ የነበረው ክምችት ባለበት ቆሟል። ይህን ስነግራቸው መነጽራቸውን አውጥተው ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩና «የትኛው ነው የድሮው?» አሉኝ። በጣቴ አሳየኋቸው።